ወፍጮ የማይሰማበት መንገድ

የዘርአ ዳዊት አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣው ወጪ በብር አይቆጠርም። ጠዋት የወፍጮ ቤቱን በር ሲከፍት ሁለት ቁራጭ ጥጥ ከኪሱ አውጥቶ ጆሮዎቹን ይወትፋል። እስከ ምሳ ጉሮሮው ያልቃል፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ «እንደምን አደርሽ» ለማለት እንኳ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደ መጥራት ነው። ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ነው፤ የገብስ ዱቄት ሽፋሽፍቱ ላይ ተኝቶ ሲያሳክከው ይውላል። ዋናውን የሚከፍለው ግን ማታ ቤቱ ሲገባ ነው። ባለቤቱ ፋና ከምትነግረው ሦስት ቃል አንዱ አይደርሰውም። የስድስት ዓመቷ ልጁ ፀደንያ ድምጿ ቀጭን ስለሆነ ከእሷ ደግሞ ሁለቱ ያመልጡታል። ደብረ ብርሃን ዳር ባለችው በዚያች ወፍጮ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲከፍል ኖሯል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛ ከጀርባው ሆና «ሞላ! ኧረ ሞላ!» እያለች ስትጮህ ሳይዞር ቀረ፤ የበሶ ዱቄቷ ከከረጢቱ አፍ ገንፍሎ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህንም አብረህ ፈጨኸው እንዴ?» አለችው።

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። በማግሥቱ ግን ለማንም ሳይናገር ሆስፒታል ሄደ።

ሐኪሟ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ቀስ እያለች ነገረችው። «የቀኙ አይመለስም። ግራው ገና አለ፤ ጠብቀው። ሥራ ላይ ጥጥ አይበቃህም፣ ደህና መሸፈኛ ያስፈልግሃል። መኪና በሚበዛበት መንገድ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ ከኋላህ የሚመጣውን አትሰማም።»

ስለ ጆሮው የነገረችውን ልቡ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ያስደነገጠው የመጨረሻው ነው። ዘርአ ዳዊት ሳይክል አለዋ።

ሳይክሉን የገዛው ፋናን ከማግባቱ በፊት ነው። እሑድ ወፍጮው ይቆማል፤ ያን ቀን እሱ በማለዳ ተነሥቶ የበሬሳን ወንዝ እየተከተለ ወደ አንኮበር አቅጣጫ ይወጣል። መንገዱ ድሮ የበቅሎና የአህያ ጭነት ይሄድበት የነበረ ነው፤ መኪና አያስገባም። መስኩ ላይ ውርጩ ገና ሳይቀልጥ ጎማው ሣሩን ሲሰብረው ቀድሞ ይሰማው ነበር። ወንዙን ተሻግሮ አቀበቱን ሲያያዘው፣ ገብሱ ያሸተ እንደሆነ፣ ነፋሱ በላዩ ላይ ሲያልፍ ትልቅ ጨርቅ የሚጎተት ይመስላል። ከፍ ብሎ ረጃጅሙ የጅብራ ተክል ከሚታይበት ሲደርስ ደግሞ ትንፋሹና የካቴናው ቀጭን ድምፅ ብቻ ይቀሩ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ ጆሮው ሲቀጠቀጥ ለሚሰነብት ሰው ይህ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር።

በዚያ መንገድ ላይ ኮረብታ ጫፍ የተቀመጠች ማርያም አለች። ደወሏ ከዛፍ የተንጠለጠሉ ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች ናቸው፤ በሌላ ድንጋይ ሲመቱ ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘርአ ዳዊት የቅዳሴ ማብቂያውን ደወል ወንዙን ሳይሻገር ይሰማው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሆነ። ቀጥሎ ከአቀበቱ መነሻ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር። ከዚያ የአቀበቱ ወገብ ላይ። እየቀረበ መምጣቱን ያውቃል፤ ግን «ነፋሱ ነው» ይላል፣ ሌላ እሑድ ደግሞ «ደዋዩ አርጅቷል» ይላል።

ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ከኮሶው ሥር ቆሞ ጠበቀ። ምንም የለም። የአቀበቱ ወገብ ላይም ቆመ። ዝም። ከደጀ ሰላሙ ፊት እንደ ወትሮው ከሳይክሉ ወረደ፤ አባቱ ከበቅሎ ሲወርዱ ያደርጉ እንደነበረው ተሳልሞ ገባ። ደዋዩ አባ ገብረአብ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ምነው ዛሬ ደወሉን ተዉት?» አላቸው።

«ተዉት? ክንዴ እስኪዝል ደውዬ ገና መቀመጤ ነው!» አሉ አባ። ከዚያም ወደ ምእመናኑ ዞረው፣ «ጠበል ለመጠጣት ብቻ የሚደርስ ሰው ደግሞ ይቆጣጠረን ጀመር!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ዘርአ ዳዊት ግን አልለቀቀም። «አልደወሉም፣ አባ። ጥዬ የመጣሁት መንገድ ሁሉ ጸጥ ያለ ነው።»

አባ ገብረአብ ጠጋ አሉት። አተኩረው አዩት። ተነሥተው በእጅጌው ይዘው ወደ ድንጋዮቹ ወሰዱትና መምቻውን ሰጡት።

«ምታው እስቲ።»

መታው። የድንጋዩ ንዝረት በክንዱ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባ። ድምፁ ግን ከሌላ አገር ተልኮ እንደ መጣ ነበር፤ ቀጭን፣ በግራ በኩል ብቻ።

«ሰማኸው?» አሉት አባ በግራ ጆሮው በኩል ዞረው።

«በእጄ» አለ ዘርአ ዳዊት።

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ሁሉንም ለፋና ነገራት፤ ሐኪሟ ያለችውንም ጭምር። ፋና አላለቀሰችም፤ ሳይክሉን አየችው።

«ይሰቀል» አለች።

«ፋኒዬ…»

«ፋኒዬ አትበለኝ! ጆሮህን ወፍጮ ወሰደው፣ የቀረውን አካልህን ሲኖትራክ እንዲወስደው ነው?»

«እዚያ እኮ መኪና የለም።»

«እዚያ እስክትደርስስ? አስፋልቱን በክንፍ ልትሻገረው?»

ፋና ነገር ስትጀምር ሳትጨርስ አትተኛም። እስከ እራት ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ውሉን ያወጣችው እሷ ነች። እስከ ወንዙ መንገድ ድረስ ሳይክሉን እየገፋ በእግሩ ይሄዳል፤ አስፋልቱን እሷና ፀደንያ ግራና ቀኝ ሆነው ያሻግሩታል። ከዚያ ወዲያ ይጋልብ። አንድ ጊዜ ግን አደጋ ቢደርስ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሳይክሉ ይሰቀላል።

ውሉ እስከ ጥር ጸና። በዚህ መካከል የከተማው ወጣቶች ያንን መንገድ አገኙት። ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ድረስ ሳይክላቸውን በመኪና ጭነው እየመጡ መውጣት ጀመሩ። ዘርአ ዳዊት ደስ አለው። ለብቻው ሲመላለስበት የኖረው መንገድ ሰው ሲወደው ማየት ማን ይጠላል?

በጥር አንድ እሑድ ወደ ወንዙ የሚወስደውን ቁልቁለት መሀል ለመሀል ይዞ ሲወርድ፣ በድንገት አንድ ነገር በቀኙ ሽው ብሎ አልፎ ከቆንጥሩ ውስጥ ገባ። ፍሬኑን ያዘ። ከቆንጥሩ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ሂጃቧን ከእሾህ እያላቀቀች፣ ሳይክሏን እየጎተተች ወጣች።

«ጋሼ! ከላይ ጀምሬ ቃጭሌን እየደወልኩ፣ እየጮህኩ መጣሁ እኮ! ደንቁረዋል እንዴ?»

«አዎ» አላት።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አፉ ይበሉኝ። ወላሂ አላወቅሁም።»

«እውነት ለተናገረ ሰው ምን አፉ ያስፈልገዋል?» ብሎ ሳቀ። ውሃ አውጥቶ የተቧጨረውን ክንዷን አጠበላት። ሁስና ትባላለች፤ የአልዩ አምባ ልጅ ናት፣ ደብረ ብርሃን ትማራለች። ከድንጋዩ ላይ አረፍ እንዳሉ ጠየቀችው።

«ካልሰሙ ታዲያ፣ እዚህ ድረስ ምን ፍለጋ ይመጣሉ?»

ዘርአ ዳዊት ወንዙን ቁልቁል አየ። እሑድም ቢሆን በጭንቅላቱ ውስጥ ወፍጮው እንደማይቆም፣ ቀበቶው ሲዞር እንደሚሰማው ለማን ነግሮ ያውቃል?

«አንቺ አሁን ምን ይሰማሻል?» አላት።

ሁስና አንገቷን ዘንበል አደረገች። «ውሃው… ቁራ… ከታች አንድ ሰው ላሙን እየጠራ ነው። ሌላ ምንም።»

«የመጨረሻውን ድገሚልኝ።»

«ሌላ ምንም» አለች ሁስና፣ በግራው በኩል ጠጋ ብላ።

ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ያ «ሌላ ምንም» የሚሉት ነገር ነው የናፈቀው። ደወሉን እንኳ ቢያጣ ይችለዋል፤ ወንዙንም አይቶ ይረካል። ባዶውን ጸጥታ ግን ማየት አይቻልም።

ማታ፣ የሆነውን ለፋና ደብቆ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ አልደበቀም። «ልጅቷ ተጎዳች?» ብላ ጠየቀች። «ክንዷ ተቧጨረ።» «አደጋው ያንተ ሳይሆን የእሷ ነውና ይህን አንዱን ልለፈው። ሁለተኛ ግን የለም፣ ዘርአ» አለችው። እሱም ሁለተኛ እንደሌለ ያውቃል።

ሁስና ለጓደኞቿ ሁሉ ነግራለች። ከሩቅ የሚመጡት ግን ሊያውቁ አይችሉም፤ ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ ዘርአ ዳዊት አንድ ልመና አለው፤ እንዲህ ይላል።

«መንገዱ የኔ አይደለም፤ ኑ፣ ውጡበት፣ አንኮበር ድረስ ሂዱበት። ብቻ በእሑድ ማለዳ ከፊታችሁ ዱቄት የመሰለ ካፖርት የለበሰ ሰው በሳይክል ሲሄድ ካያችሁ፣ ከኋላ አትጥሩኝ፤ ቃጭልም አይደርሰኝም። ቦታ ካለ ራቅ ብላችሁ በግራዬ እለፉኝ። መንገዱ ከጠበበ እባካችሁ ፍጥነታችሁን ቀንሱና ዞሬ እስካያችሁ ታገሡ። በየጥቂት ደቂቃው እዞራለሁ፤ አላቆያችሁም።»