አምስት ሴንቲሜትር

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ በሙሉ «ጡሩምባ» ነው የሚለው። እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። እሱ የሰፋው ኮት ጎባጣውን ያቀናል። ችግሩ አፉ ነው። የማን ሆድ እንደገፋ፣ የማን ሱሪ ስንት ጊዜ እንደተጣፈ፣ የማን ካፖርት የውሰት እንደሆነ፣ ክሩን መርፌ ውስጥ እስኪያስገባ ድረስ ለወረፋ ጠባቂው ሁሉ አውርቶ ይጨርሳል። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል፤ የእሱ ራስ ከተመለጠ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አፉ ግን ከዚያም በፊት ነው ያመለጠው።

ልጁ ከጎኑ ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከዚያች ጠባብ ሱቅ የምትወጣበትን ቀን ስትናፍቅ ኖራ፣ በመጨረሻ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አገባሻለሁ አላት። ረጋ ያለ፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ከልቧ ትወደዋለች። ጡሩምባም «የአማቼን ሙሉ ልብስ ሌላ ሰው አይነካውም!» ብሎ ለካው። ወገቡ ሰማንያ አራት ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሹፌሩ ሰደርያ ሊጨምርበት ፈልጎ መጣ። አዲሱ ሜትር ጨርቅ ቁልል ሥር ጠፍቶ ስለነበር ጡሩምባ አሮጌውን አነሳ፤ ከአሥር ዓመት በላይ አንገቱ ላይ የዋለ፣ ተስቦ ተስቦ የረዘመ ሜትር ነው። ሰባ ዘጠኝ አለ። ሹፌሩ ገና ከበሩ ከመውጣቱ አባትየው ወደ ደንበኞቹ ዞረ፤ ከመካከላቸው አንዱ የአውቶቡስ ጋራዡ ዘበኛ ነበር።

«አያችሁልኝ? በሦስት ሳምንት አምስት ሴንቲሜትር! ይሄ ልጅ ውስጡን የሚበላው ነገር አለ። እኔ ስንቱን ለክቼ ሸኝቻለሁ!»

ልጅቷ ነገሩ ወዲያው ገብቷታል። ግን በደንበኛ ፊት አባቷን አርማ አታውቅም፤ ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱን ሜትሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

«አባዬ፣ ሜትሩ እኮ ረዝሞ ነው፤ አሳንሶ ነው የሚለካው።»

«ውይ፣ እውነትሽን ነው!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ምን ያስቃል? ዘበኛው ጋራዥ ደርሷል።

በማግስቱ ሹፌሩ ጋራዡ ውስጥ «በሽተኛው» ነበር። በሦስተኛው ቀን የስምሪት ኃላፊው «ሰባ ሰው ጭነህ ብትወድቅስ?» ብሎ መሪውን አስለቀቀው። ሐኪም ጤነኛ ነህ ብሎ ወረቀት እስኪሰጠው ሁለት ሳምንት ሄደ። መስመሩ ለሌላ ሹፌር ተሰጥቶ እሱ አውቶቡስ ከሚያጥቡት ጋር ተመደበ።

ወደ ሱቁ ሲመጣ ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። እሱ ግን አባቷን ነበር የሚያየው።

«ጋሼ፣ ልጣላዎት አልመጣሁም። ግን ነገ ወልደን ልጃችን ሲታመም፣ እኔና እሷ ስንኳረፍ፣ ሁሉም እዚህ ወንበር ላይ ሊወራ ነው። አልችልም።»

«ምን አልኩ እኔ? ለአንተው አስቤ እኮ ነው!»

ሹፌሩ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ? ሲያወራ እዚሁ ነበርሽ። አንዲት ቃል መናገር አቃተሽ?»

ይህን ብሎ ወጥቶ ሄደ። ያን ቀን እስከ ማታ አለቀሰች፣ አባቷም ለሚገባ ለሚወጣው ለምን እንደምታለቅስ ሲያስረዳ ዋለ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ጡሩምባ ከወሬዎቹ ሁሉ አሁን አብልጦ የሚወደው ይኸን ነው። አምስቱን ሴንቲሜትር ሰባት አድርሶ፣ የሹፌሩን ድምፅ እያስመሰለ ሲተርከው ሰው በሳቅ ፍርስ ይላል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች «ታዲያ ልጅቷ ምን ሆነች?» አለችው።

«ይቻትና!» አለ በአገጩ እያመለከተ። «ከእንግዲህማ ማን ይወስድልኛል?»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። ልጅቷ ቀና ሳትል ክሩን በጥርሷ በጥሳ የሚቀጥለውን ኮት ሳበች።