በዘር መጋዘኑ ዙሪያ የተከልኩት አበባ

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የወረድኩት በሚያዝያ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከመኪና ስወርድ ሙቀቱ ትንፋሽ አሳጠረኝ። በአንድ የመንግሥት እርሻ በአትክልተኝነት ተቀጥሬ ነበር። አስተዳዳሪው ዶማ፣ የአትክልት መቀስና ውኃ ማጠጫ አስፈርመው ሰጡኝና፣ «ጓድ እልፍነሽ፣ ይህ ግቢ ማማር አለበት» አሉኝ። ሌላ መመሪያ አልነበረም።

የዘር መጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ የይፋት ሰው ናቸው፣ ዝምተኛ። አራት ድመቶች ነበሯቸው። ድመቶቹ ውጭ ነው የሚኖሩት፤ ቀን በመጋዘኑ ጥላ ይተኛሉ፣ ሲመሽ አይጥ ያድናሉ። «እኔ ቁልፍ ብቻ ነው የያዝኩት፤ ዘሩን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው» ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከክረምት በኋላ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አስተዳዳሪው በጭነት መኪና ችግኝ አስመጡ። ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም፣ አበባው ሮዝ፣ ሙቀት የሚችል ቁጥቋጦ ነው። ስሙ ኦሊያንደር መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። በመጋዘኑ ግድግዳ ዙሪያ ስተክለው ጋሽ ሰይድ መጡና አንድ ቅጠል ቀንጥሰው አሸተቱ።

«ልጄ፣ ይሄ ጉዳት የለውም?»

«አበባ እኮ ነው ጋሽ ሰይድ። ምን ያደርጋል?»

«እኔ እንጃ። ድመቶቼ እዚህ ነው የሚተኙት ብዬ ነው።»

ሳቅሁባቸው። ድመት ቅጠል ይበላል ብሎ ማን ያስባል?

እንግዶቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀር ቁጥቋጦውን ከረከምኩት። ስለደከመኝ የተቆረጠውን ለጋ ቅርንጫፍ ነገ አነሳዋለሁ ብዬ ግድግዳው ሥር ከምሬ ሄድኩ።

ጠዋት ስመጣ ሁለት ድመቶች ሞተው ተዘርረዋል። ሦስተኛዋ አፏ አረፋ ደፍቆ ትንቀጠቀጣለች። ጋሽ ሰይድ መሬት ቁጭ ብለው በሽርጣቸው ጫፍ አፏን ይጠርጉላታል። እጃቸው ላይ ሞተች።

አስተዳዳሪው ደረሱ። የእርሻው ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍም በጋሽ ሰይድ እጅ ነበር።

«መርዝ ነው!» ብለው ጮኹ። «ዛሬ ድመት፣ ነገ እንግዶቹ የሚጠጡት ውኃ! ይህ አሻጥር ነው!»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ያስገድል ነበር።

«ወላሂ ጓድ፣ መድኃኒቱን አልነካሁም» አሉ ጋሽ ሰይድ። ሁለት ጥበቃዎች ግራና ቀኝ ይዘው ወሰዷቸው።

ከዚያ ድመቶቹ ያስመለሱትን አየሁ። በእንጨት ብገልጠው ቀጭን ቅጠል፣ የታኘከ። የእኔ ተክል ቅጠል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ አፈር ማልበስ ነበር፤ ዛሬም አፍርበታለሁ። አላለበስኩትም። ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልዬ ወደ እርሻው የእንስሳት ጤና ረዳት ሮጥኩ።

አየውና ፊቱ ተለወጠ። «ማነው ይሄን እዚህ የተከለው? ይሄ እንኳን ድመት በሬ ይገድላል።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

አብረን አስተዳዳሪው ቢሮ ገባን። ሁሉንም ተናገርኩ።

«እንግዲያ አሻጥረኛዋ አንቺ ነሽ በይኛ!» አሉ አስተዳዳሪው ጠረጴዛውን እየመቱ።

የእንስሳት ረዳቱ ቀስ ብሎ፣ «ጓድ፣ ችግኙን ያስመጡት እርስዎ ነዎት። እሷም እርስዎም አላወቃችሁም» አላቸው። አስተዳዳሪው በመስኮት ተክሉን አዩና፣ «ውጡ» አሉን።

ጋሽ ሰይድ በሦስተኛው ቀን ተፈቱ። ከንፈራቸው አብጦ፣ እያነከሱ መጡ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሽ» አሉኝ። «ለቅሶሽ ድመት አያስነሳም። ንቀይው።»

እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ከነሥሩ ነቀልኩት። ጭሱም መርዝ ነው ስለተባልኩ ሳላቃጥል ከግቢው ውጭ አርቄ ቀበርኩት። እንግዶቹ መጥተው በባዶው አፈር አጠገብ አለፉ፤ ማንም አልጠየቀም።

በቦታው ጽጌረዳ፣ የጥብስ ቅጠልና ጠምበለል ተከልኩ፤ እያንዳንዱን የእንስሳት ረዳቱን ጠይቄ። የተረፈችው ድመት ከጥብስ ቅጠሉ ሥር ወለደች። ጋሽ ሰይድ ግን ዳግመኛ «ልጄ» ብለው አልጠሩኝም፤ ሰላምታ ብቻ ቀረን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ። ለጀማሪዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ የማታውቁትን ተክል አትትከሉ። የሚያውቅ ሰው እስክታገኙ ጉድጓዱ ባዶውን ይቆይ።