ለፍልፈል የተለመነ መሬት

ልጅ እያለሁ ፍልፈል ማጥመድ የአባቴ ሥራ ነበር፤ የሚጠመድበትን መሬት ከባለቤቱ ለመለመን ሲሄድ ግን እኔን ያስከትል ነበር። ሰው ትልቅ ሰውን እምቢ ማለት ይቀለዋል፣ ልጅ ቆማ ስታየው ግን ያፍራል ብሎ ያምን እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ለቁም ነገር የሚፈልገኝ ስለመሰለኝ ፊቴን ታጥቤ፣ ጸጉሬን በውኃ አስተኝቼ እከተለው ነበር።

መንደራችን ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ክረምት ሲሆን ጉሙ እስከ ቀትር የማይነሣበት ቦታ ነው። እህል ሲያልቅ ሰኔንና ሐምሌን የሚያሻግረን ድንች ነበር። ድንቹን ደግሞ ፍልፈል ከሥሩ ይበላዋል። ጠዋት ለምለም የነበረው ተክል ከሰዓት ጠውልጎ ይገኛል፤ ሲነቅሉት ከሥሩ ምንም የለም። አባቴ በማሳችን ውስጥ ቢያጠምድ ቢያጠምድ አልቀነሱም፤ ምክንያቱም የሚበሉት ከእኛ ማሳ ቢሆንም የሚኖሩት ከጎናችን ባለው የአያ ቢተው ሣር መሬት ውስጥ ነበር።

አያ ቢተው ያንን መሬት ያጠሩት ለዳማ ፈረሳቸው ነው። የማንም ከብት አይገባበትም፤ ድንጋዩ ሁሉ ተለቅሞ ወጥቷል። ሣሩ እስከ ወገቤ ይደርስ ነበር፤ ጤዛ ሲያርፍበት የሚሸተውን ሽታ ዛሬም ሳስበው አፍንጫዬ ላይ ይመጣል።

«ቤቶች! እንዴት አደራችሁ?» አለ አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አያ ቢተው ብቅ ብለው። እኔን አዩና ሳቁ። «ብቻህን ስትመጣ እምቢ ብልህ፣ ዛሬ ልጂቱን አስቀድመህ መጣህ?»

«እርስዎ እምቢ ቢሉም ፍልፈሉ መቼ እምቢ አለ አያ! ድንቼን ጨረሰው።»

«የኔ ፍልፈል ለመሆኑ በምን አወቅህ? ጆሮው ላይ ምልክት አለው?»

«ቤቱ እርስዎ ዘንድ ነዋ!»

ብዙ ተባባሉ፤ ብዙ አስቆሙን። በመጨረሻ በሩን ከፈቱልን። «ቆፍር። ነገር ግን ፈረሴ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ ቢሰበር፣ አንተንና እኔን የሚያስታርቅ ሽማግሌ አይገኝም» አሉና ወደ እኔ ዝቅ አሉ። «አንቺ፣ አባትሽ ችኩል እንደሆነ አውቃለሁ። ጉድጓዱ ሁሉ በደንብ መደፈኑን የማምነው አንቺን ነው። ሰማሽ?»

«እሺ አያ» አልሁ። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ያለ ኃላፊነት ሰጥቶኝ አያውቅም።

ፍልፈል ብርሃን አይወድም። መተላለፊያው በዶማ ሲከፈትበት አፈር እየገፋ ሊደፍነው ይመጣል፤ አባቴም እዚያው አፍ ላይ የሲባጎ ሸምቀቆ ያስቀምጥና ከታጠፈ ልምጭ ጋር ያስረዋል። ልምጩ ሲፈናጠር የሚያሰማው ድምፅ ያስደነግጠኝም ያስደስተኝም ነበር። በሦስት ቀን አምስት ያዝን። እኔም ከየጉድጓዱ አፍ አፈሩን ረግጬ፣ ሣሩን ከነሥሩ መልሼ እሸፍን ነበር።

የመጨረሻው ጉድጓድ ከሣሩ መሬት ዳር፣ ከአያ ቢተው ወንድም ሚስት ከእትዬ ደብሬ መሬት አጠገብ ነበር። ባላቸው ሞቶ እትዬ ደብሬ መሬቱን ብቻቸውን ይዘው ነበር። ጉድጓዱ ከሌሎቹ ሁሉ ሰፊ ስለሆነ አፈሩ እየሰመጠ አስቸገረኝ። አባቴ ወዲያ ማዶ ወጥመዱን እየሰበሰበ ነበር። ድንጋይ ብፈልግ አጣሁ። በኋላ ፍልፈል በቆለለው አፈር መካከል ግማሹ የተቀበረ ረዘም ያለ ድንጋይ አየሁ። በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። ከሥሩ ስብርባሪ ከሰል ወጣ፤ የድሮ እሳት መስሎኝ በተንሁት። ድንጋዩን አንከባልልሁና ጉድጓዱ ውስጥ ከተትሁት፤ ልክ ሆነ። በማግሥቱ ዳማው በላዩ ሲሄድ አየሁ፤ መሬቱ አልሰመጠም። ኮራሁ።

ኅዳር ላይ ሣር ሲታጨድ ነገር ተነሣ። እትዬ ደብሬ ከአያ ቢተው ፊት ቆመው «ድንጋዩ እግር አውጥቶ ሄደ? ወይስ የሟቹን ድርሻ ለፈረስዎ አማረዎ?» ሲሉ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ያ ድንጋይ የወሰን ድንጋይ ኖሯል። ከሥሩ ከሰል የሚቀበረውም፣ ከሰል ስለማይበሰብስ፣ ድንጋዩ ቢነሣ እንኳ ቦታውን እንዲመሰክር ነው። ይህን ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁት ከአባቴ ጋር ሆኜ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርሁት።

አባቴ ቆመ። ወደ ኋላው ዞር ብሎ መንገዱን አየ። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «ይህ ከተሰማ ከእንግዲህ ማን መሬቱን ይከፍትልናል? ድንቹስ?»

እሑድ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በዚያ መሬት የረገጠ ሁሉ ተጠየቀ፤ አያ ቢተው «ድንጋዩን አልነካሁም» አሉ። አባቴ ተነሥቶ «እኔ ድንጋይ አላየሁም» አለ። እውነቱን ነው፤ ያየሁት እኔ ነኝ። አያ ቢተው ግን ወደ እርሱ አልተመለከቱም፤ ወደ እኔ ነበር የተመለከቱት። ልጅ ለምስክርነት ስለማትጠራ ማንም አልጠየቀኝም። እርሳቸው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። እኔ የቀሚሴን ጠርዝ አየሁ።

ሽማግሌዎቹ አዲሱን ወሰን ወደ ሣሩ መሬት ሦስት እርምጃ አስገቡት። አያ ቢተው አልተከራከሩም። ከዚያ ወዲህ ግን በአዲስ ቅዳም ገበያ ሲያልፉ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

በዓመቱ ግንቦት ላይ አባቴ እንደገና ይዞኝ ሄደ። አያ ቢተው ገና ሳንጣራ በሩን ከፈቱ። «ግቡ፣ ግቡ። ያኔ ደኅና አድርጋችሁ ደፍናችሁታል፤ ፈረሴ ምንም አልሆነ» አሉና ራሴን ዳበሱኝ። ያን ቀን አባቴ አንድም ወጥመድ ሳያጠምድ ተመለስን።

አያ ቢተው ሲሞቱ ዩኒቨርሲቲ ነበርሁ፤ ፈተና አለብኝ ብዬ ለቀብር አልመጣሁም። አባቴም ጉዳዩን ሳያነሣው ሞተ። ዛሬ እንጅባራ ውስጥ እሠራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ አገላብጬ ሳይ ጠባይዋ ነው ይላሉ፤ አላርማቸውም።

ባለፈው ዓመት ወደ መንደሩ ሄድሁ። አጥሩ የለም፤ የሚጣሩበት በርም የለም። የሣሩ መሬት ከዳር እስከ ዳር ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ተሸፍኗል። ከዛፎቹ ሥር ሣር አይታይም፤ የፍልፈል ቁልልም አላየሁም። የአያ ቢተውን የመጨረሻ ልጅ እዚያው አገኘሁትና እንደቆምሁ ሁሉንም ነገርሁት። በመልካም ፊት ሳቀ።

«እህቴ፣ ለዚህ ብለሽ ነው በባጃጅ እዚህ ድረስ የመጣሽው? ከእትዬ ደብሬ ልጆች ጋር እኮ አብረን ተክለን አብረን ነው የምንቆርጠው። ሦስት እርምጃ ምን ሊሆን!»

«አባባስ ያነሡት ነበር?»

«አባባ? ስለ መሬቱ ትንፍሽ አይልም። ብቻ ከዚያ በኋላ ለሽምግልና ሲጠሩት ሄዶ አያውቅም። ‹ቃሌን ማን ያምናል› ይል ነበር።» ይህን ብሎ የተቆረጠ ግንድ ወደ ጎን ገፋና እንድቀመጥ ጋበዘኝ።

በእኛ ጊዜ አንድ ጉድጓድ ለመቆፈር ከሰው ደጅ ግማሽ ቀን ይቆም ነበር፤ ባለቤቱም የሚያምነውን ሰው ፊት አይቶ ነበር የሚከፍተው። ዛሬ ማንንም ሳልለምን ገባሁ፤ ልጁም ስለ መሬቱ እየሳቀ ይቅር አለኝ። ሳይታመን ስለ ቀረው የአያ ቢተው ቃል ይቅር የሚለኝ ሰው ግን እዚያ አልነበረም።