ኮረሪማ ሲሸት ወደ ቀኝ

ወንድሜ የአባታችንን ልብሶች ለሰደቃ አውጪ ስላለኝ ሣጥኑን ከፈትኩ። ጋቢውን ሳነሳ ጫፉ ላይ አንዲት ጠንካራ ቋጠሮ እጄን ነካችኝ። ሳልፈታት አወቅኋት። ኮረሪማ ናት። ደርቃለች፤ ሽታዋ ግን አልለቀቀም። አፍንጫዬ ውስጥ ገብታ ከዚህ ከቢቸና ጓዳ አንስታ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ጣለችኝ።

አባቴ የሞጣ ቅመም ነጋዴ ነበር። ክረምት ላይ መኪና ጭቃ ሲይዘው ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱንና ድንብላሉን በበቅሎ ጭኖ በእግሩ ቢቸና ገበያ ድረስ ይመጣል። ገና ልጃገረድ ሳልባል "እኔም እሄዳለሁ" ብዬ ድርቅ አልኩ። አጎቴ ተቆጣ። "ሴት ልጅ ገበያ ለገበያ ልታዞር ነው?" አለው። አባቴ የጭነቱን ገመድ እያጠበቀ፣ "ወንዱ ልጄ መንገድ ይጠፋዋል፤ እሷ አይጠፋትም" አለ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልጣልኳትም።

መንገድ የሚያስተምረው በአፍንጫ ነበር። መንገዱ በሚከፈልበት ወይም ወንዝ በምንሻገርበት ቦታ ይቆምና ከጭነቱ አንዱን ቅመም አውጥቶ በጣቱ ፈርከስ አድርጎ ያስሸትተኛል። ከዚያ ያንኑ በሻርፔ ጫፍ ይቋጥርልኛል። ድንብላል የባሕር ዛፉ ቁልቁለት ነው። አንዱ መንገድ በግራ ወደ መርጡለ ማርያም፣ ሌላው በቀኝ ወደ ቢቸና የሚሄድበት መገንጠያ ላይ ደግሞ ኮረሪማ ሰጠኝ። "ኮረሪማ ሲሸትሽ ወደ ቀኝ" አለኝ። እርጥብ አፈርና የበቅሎ ላብ አብሮ ይሸት ነበር።

በሚቀጥለው ጉዞ አባቴን መንገድ ላይ ትኩሳት ጣለው። ከጭነቱ ቀንሰን በቅሎዋ ላይ ደግፈን አወጣነው። አብረውን የነበሩት አንድ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ ብቻ ናቸው። መገንጠያው ጋ ስንደርስ ጭጋጉ ወርዶ የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ። በቅሎዋ ምንም ሳታመነታ ወደ ግራ ታጠፈች።

"ልጓሙን ልቀቂላት! መንገዱን ከአንቺ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች" አሉኝ ሽማግሌው። ነጋዴ ሁሉ ሲጠፋበት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቋጠሮዬን አሸተትኩ። የአባቴ ድምፅ መጣልኝ፤ ከድምፁ ጋር እሱ የቆመበት ቦታ፣ በጣቱ ያሳየኝ አቅጣጫ፣ ሁሉም መጣ።

"በቀኝ ነው" አልኳቸው።

"አንቺ ደረቅ! አባትሽን ልትገይው ነው?"

አለቀቅሁም። እሷ ስትጎትተኝ፣ እኔ ስጎትታት፣ እያለቀስኩ በቀኝ ይዣት ወጣሁ። ጭጋጉ ሲነሳ የቢቸና ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከፊታችን አበሩ። ለካ ያቺን በቅሎ አባቴ በዚያው ሰሞን ከመርጡለ ማርያም ሰው ነበር የገዛት። ወደ ድሮ ጌታዋ በረት ልትወስደን ነበር!

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ አርጅቶ ሞጣን ትቶ እዚህ ቢቸና እኛ ዘንድ ከተቀመጠ በኋላ፣ ከቤታችን እስከ መስጊድ ያለው መንገድ የጠፋበት። ጎረቤት እየመራ ሲመልሰው ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ወጣቱ ሐኪም የአንጎሉን ፎቶ እያሳየን፣ "ይህቺ ሂፖካምፐስ ትባላለች። ስሟን ያገኘችው የባሕር ፈረስ ስለምትመስል ነው። አዲስ ነገር የምታስይዘን፣ መንገድም የምትስልልን እሷ ናት። የአባታችሁ ሟሽሻለች። የድሮው ይቆይላቸው ይሆናል፤ አዲስ መንገድ ግን ከእንግዲህ አይያዝላቸውም" አለ።

በትሕትና ነው የተናገረው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "አባቴ የሚሸነፈው ጣት ለማታክል ነገር ነው?" አልኩት።

ወንድሜ የግቢው በር ላይ ቁልፍ አደረገ። አባቴ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ይነሳና ቁልፉን ይነቀንቃል። ያ የብረት ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። አልቻልኩም። "መስጊዱን አስተምረዋለሁ። ካወቀው ቁልፉን ታነሳለህ" አልኩት ወንድሜን።

"ካላወቀውስ?"

"ያውቀዋል!"

በአባቴ ጋቢ ጫፍ ኮረሪማ ቋጠርኩለት። ከቤታችን ወጥቶ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጥግ አለ፤ መስጊዱ በግራ ነው። እዚያ ጥግ ላይ በየቀኑ አቁሜ አስሸትተዋለሁ። "አባባ፣ እዚህ ጋ ወደ ግራ" እለዋለሁ። ባጃጆች ጥሩምባቸውን ያንባርቁብናል። ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡት ይስቁብናል። ይሳቁ!

የምንፈትነው ቀን ወንድሜ ከኋላ ተከተለን። እኔ አፌን ዘግቼ ከአባቴ ጎን ሄድኩ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ቆመ። የጋቢውን ጫፍ ወደ አፍንጫው አነሳ። ከዚያ ቋጠሮዋን ወደ እኔ አፍንጫ አስጠጋት፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው በአክብሮት።

"አሽትቺው" አለኝ። "ኮረሪማ ሲሸትሽ ወደ ቀኝ ነው። እኔን በጭጋግ ያወጣችኝ ልጄ ናት። እሷን ካገኘሽ አትጠፊም።"

ወደ ቀኝም ዞረ።

"አየሽ?" አለ ወንድሜ ከኋላዬ። አየሁ። ሐኪሙ ትክክል ነበር፤ አዲሱን መንገድ አልያዘውም። እጅ ግን አልሰጠሁም።

"ቁልፉን አንሳ" አልኩት። "አብሬው እሄዳለሁ።"

"ወደ የት?"

"ወደ ቀኝ።"

አባቴ ጥቂት እንደሄደ ዞር አለ። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ነይ፣ መንገዱን ላሳይሽ" አለኝ። እጁን ያዝኩት። መስጊዱን ከኋላችን ትተን ቤቶቹ እስኪያልቁ ሄድን። የአስርን ሶላት እንደ መንገደኛ መንገድ ዳር ጋቢውን አንጥፎ ሰገደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ በዚያው በኩል ሄድን። ቁልፉ በሩ ላይ አልተመለሰም።

ዛሬ ሸሚዞቹን፣ ኮቱን፣ ጫማዎቹን ሁሉ ለሰደቃ አውጥቻለሁ። ወንድሜ ጋቢውስ ብሎ ጠየቀኝ።

ጋቢውን አልሰጥም።