የሐጅ ግራ ጫማ

የሐጅን ጫማ የላከው ውጭ አገር የሚኖረው ታላቁ ልጃቸው ነው። ክር የለውም። በክሩ ቦታ፣ ምላሱ ላይ፣ የጠርሙስ ቆርኪ የሚያህል ጥቁር ክብ ነገር ተቀምጧል። ጫን ብለው ሲያዞሩት ውስጥ ለውስጥ የተዘረጋውን ቀጭን ሽቦ እየሳበ ጫማውን እግር ላይ ያጠብቃል፤ በዞረ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ወደ ላይ ሲስቡት ደግሞ ሽቦው በአንዴ ይላላል። ሁለት እጅ አይፈልግም፣ ብዙ መጎንበስም አይፈልግም። ስሙን የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም፤ እኔ ለራሴ ቆርኪው አልኩት።

ሐጅ ካርቱም ውስጥ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር የምጠብቃቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በበረሃ በእግራቸው ያልረገጡት የለም ይባላል። ከዚያ አንድ ጠዋት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ግራ ወገናቸው ጠፋባቸው። ሽባ አልሆኑም። እጃቸውም እግራቸውም ይንቀሳቀሳል። የጠፋባቸው ግራ የሚባለው ነገር ራሱ ነው። ምሳ ሳቀርብላቸው የሳህኑን ቀኝ ግማሽ ጠርገው በልተው "ጨረስኩ" ይላሉ። ጢማቸውን በአንድ ጉንጫቸው ብቻ ይላጫሉ። በስተቀኛቸው ስቆም "ያ ቢቲ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በስተግራቸው ስቆም ግን የለሁም። እዚያው ቆሜ፣ ትንፋሼ እየተሰማ፣ "የት ሄደች?" ብለው በሩን ያያሉ።

እውነቱን ለመናገር ይህ አልከበደኝም። ከሰው ዓይን መሸሽ ከልጅነቴ የምወደው ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንኳ እጅ አውጥቼ ጠይቄ አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ በሐጅ ግራ በኩል ሄጄ እቆም ነበር፤ እሳቸው ስለማያዩኝ እንግዶቹም የሚረሱኝ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ አንድ ነገር ነበር ማለት ይቻላል። ልጃቸው፣ ትምህርት ቤት የምታስተምረውና እኔ ኡስታዛ የምላት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አስቀምጣ ነገረችኝ።

"ምግቡን ባታሳምሪ ግድ የለኝም። ብቻውን ከበር እንዳይወጣ። ባለፈው በጋ ወጥቶ በፀሐዩ ወድቆ አገኘነው፤ ሐኪሙ ሁለተኛ ከደገመው ሬሳውን ነው የምታገኙት ብሎናል።"

"በሩን ቆልፌ ብቀመጥስ?"

"አባቴን አልቆልፍበትም፣ ያ ኡኽቲ" አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። "አንቺ ነሽ ቁልፉ።"

በክሩ ጫማ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። ክር ማሰር አይችሉምና መውጣት ሲያሰኛቸው እኔን ይጠሩ ነበር፤ እኔም አስሬላቸው አብሬያቸው እወጣለሁ። ቆርኪው ከመጣ በኋላ ግን ቀኙን ራሳቸው አጥብቀው ብድግ ማለት ጀመሩ። ግራ እግራቸውን አያውቁትምና አንድ እግራቸው ባዶ፣ አንዱ ጫማ ለብሶ፣ በነጭ ጀላቢያቸው እየተንገዳገዱ ወደ በሩ ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ በረንዳው ላይ ደረስኩባቸው። ያዳነኝ ድምፁ ነው። ቀጭ ቀጭ ሲል የትም ብሆን እሰማለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ተንበርክኬ ግራውን አጠልቅላቸዋለሁ። የራሴ አሠራር ነበረኝ፤ አራት ጊዜ አዞርና አቆማለሁ፣ እንዳይጨምቃቸው ጣቴን በቁርጭምጭሚታቸው በኩል አስገብቼ እለካለሁ፣ ከዚያ ሁለቴ እጨምራለሁ።

ኡስታዛ ታዲያ ትስቅባቸው ነበር። "ያቡይ፣ አባቴ፣ በዚህ ዕድሜህ ኳስ ተጫዋች ሆንክ?"

"ባልጫወትም ከወንድምሽ ይሻለኛል" ይሏታል፤ "እሱ እኮ ጫማ ልኮ እግሩን አስቀረ።"

እንዲህ እየተባለ ሳምንታት አለፉ።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። ካርቱም ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ መብራት ሲጠፋ ዝምታው ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ማቀዝቀዣ ይቆማል፣ የጎረቤቱም ይቆማል፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ውሻው እንኳ መኪና ሥር ገብቶ ተኝቷል። ኡስታዛ ሥራ ላይ ናት። ሐጅ ተኝተዋል፤ በበራቸው ቀዳዳ አይቼ ነው ከማድ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍሌ የሄድኩት።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሰማሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ተነሳሁ። ያኔ "ያ ቢቲ" የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ጊዜ። ጮክ ያለ አይደለም፤ አጠገቤ የቆመ ሰው እንደሚናገረው ነው።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር መጻፍ አለብኝ። ያደግኩት በገጠር ነው፤ ወንዝ ውሃ ስንወርድ እናቴ የምትለን ነገር ነበር። ቀትር ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ የሚጠራሽ ከሰማሽ በመጀመሪያው አቤት አትበይ። ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራል፤ ሌላ ነገር ከሆነ የሚጠራው አንዴ ነው። ሥነ ሕይወት ተምሬአለሁ፤ ጋኔን በማይክሮስኮፕ አይታይም እያልኩ ጓደኞቼን አስቄ አውቃለሁ። ግን እግሬ አልተማረም መሰለኝ። ደጃፉ ላይ ቆመ። ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቅኩ።

ሁለተኛው ጥሪ አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዝም። ከዚያ፣ ጣት ገብቶ ለመለካት የሚበቃ ያህል ጊዜ አልፎ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ይህ የእኔ አሠራር ነው። አራት፣ ልኬት፣ ሁለት። ሐጅ ጫማ ሲያጠብቁ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ድረስ ነው የሚያዞሩት። ግራ ጫማቸውን ደግሞ ነክተውት አያውቁም። ስለዚህ እሳቸው አይደሉም አልኩ። ሂሳቡ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ነው ያስቀረኝ። እሳቸው ካልሆኑና እኔ እዚህ ከሆንኩ እዚያ ያለው ምንድነው? ነጠላዬን ተከናንቤ፣ በስመ አብ ብዬ አማትቤ፣ ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። መብራቱ መጥቶ ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ነው ከዚያ ነገር የተላቀቅኩት።

አልጋቸው ባዶ ነው። ሁለቱም ጫማ የለም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል።

ወጣሁ። መንገዱ ከፀሐዩ ብዛት ነጭ ሆኗል። ሮጬ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፤ እሳቸው ግራ ስለማያውቁ በወጡ ቁጥር የሚታጠፉት ወደ ቀኝ ነው፣ በየማዕዘኑ ወደ ቀኝ ከታጠፉ ደግሞ ሰፈሩን ዞረው ቤታቸው ይመለሳሉ። ዞርኩ። የሉም። ደግሜ ዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ከአንድ ግቢ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ዘበኛ ሐጅን አይተሃል ወይ አልኩት። ማንም አላለፈም አለኝ፣ ከአንቺ በቀር። የሐኪሙን ቃል እያሰብኩ ለኡስታዛ ልደውል ስልኬን ሳወጣ ስልኩ ቀድሞ ጠራ።

የማላውቀው ወንድ ነው፤ በአማርኛ። "አንቺ ልጅ፣ ውሃ ላምጣ ብለሽ የት ቀለጥሽ? ሽማግሌውን ጥለሽብን!"

"ማን ልበል?"

"ኪሳቸው ላይ የተሰፋው ቁጥር ያንቺ አይደል እንዴ? አርካዊት ነን፣ ፎቁ የሚሠራበት። ያላ ቶሎ ነይ፣ ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ ሲመጣ ሥራ ፈታችሁ ይለናል።"

ቁጥሩን ጀላቢያቸው ኪስ ውስጥ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አርካዊት የሚባለው ሰፈር ግን ከበራችን በስተግራ ነው።

ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ይዤ ደረስኩ። ሐጅ ባልተለሰነው ግድግዳ ጥላ ሥር ብሎኬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው እርጥብ ነው፣ ሻሽ አርጥበው ጭንቅላታቸው ላይ አድርገውላቸዋል። አጠገባቸው ሲሚንቶ የለበሱ ሦስት ያገሬ ልጆች።

"ውይ፣ ልብስ ልትቀይር ነው ለካ የሄደችው" አለ አንዱ፣ ቀጭኑ።

"እሷ አይደለችም ባክህ" አለ ስልክ የደወለው። "ያቺኛዋ ረዘም ትላለች።"

"እሷ ናት! ፊቷን አላየህም እንዴ?"

"አንተ መቼ ፊት ታያለህ?"

ሦስተኛው ሳቀ። እኔ ከወንዶች ጋር ማውራት አይሆንልኝም፤ ያን ቀን ግን ጠየቅኩ። "ማን ናት ያመጣቻቸው?"

"እጃቸውን ይዛ መጣች፣ እዚህ አስቀመጠቻቸው። ጥላ ስጧቸው፣ ውሃ ላምጣ አለችና በዚያ በኩል ዞረች። በቃ።"

"በአማርኛ?"

"ታዲያ በምን ታናግረን፣ በቻይንኛ?"

በዚያ በኩል ያለው የአጥር ግድግዳ ነው። ዞሬ አየሁት። መውጫ የለውም። ምናልባት በግንባታው ውስጥ ለውስጥ ሄዳ ይሆናል፤ ምናልባት ከጎረቤት ቤት የምትሠራ አንዷ መንገድ ላይ አግኝታቸው፣ እንዳይጠይቋት ፈርታ ሸሽታ ይሆናል። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ብዙ ናት። ይህን ለራሴ እያልኩ ተንበርክኬ ጫማቸውን ነካሁ። ቀኙ እግራቸው እስኪያብጥ ድረስ ጠብቋል። ቆርኪውን ስቤ አላላሁት። ግራው ላይ ጣቴን በቁርጭምጭሚቱ በኩል አስገባሁ። ልክ ጣቴ የሚገባበትን ያህል ነው ቦታው፤ አይበልጥም፣ አያንስም።

ረክሻው ውስጥ በስተቀኛቸው ተቀመጥኩ። "ሐጅ፣ ከማን ጋር ነበሩ?"

"ከአንቺ ጋር ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"የቱን እጅዎን ነበር የያዝኩት?"

ግራ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው አሳዩኝ። ኡስታዛ ስታጥብላቸው እንኳ "ይሄ የማን ነው?" የሚሉትን እጅ። አንስተው አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።

ማታውን ለኡስታዛ የነገሯት እሳቸው ናቸው። "ቢቲ አርካዊት ድረስ አንሸራሸረችኝ" አሏት ደስ ብሏቸው። እሷ ወደ እኔ ዞረች። "በዚህ ፀሐይ? አብደሻል?" ከዚያ ግን አባቷን አየቻቸው፤ ለወራት እንዲህ ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። ድምፅዋ ለሰለሰ። "ለማንኛውም አልተለየሽውም። አላህ ይስጥሽ።"

ዝም ብል ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ የምችለው ነገር ነው። ግን ሌላ ቀን ሌላ ቀትር አለ፤ ቁልፉ እኔ መሆኔን አምና ሥራ የምትሄድ ሴት ቁልፉ አንድ ጊዜ እንዳልሠራ ማወቅ አለባት። ማድ ቤት ተከትያት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ድምፁን፣ ጥሪውን፣ የእናቴን ነገር፣ ግድግዳ ይዤ መቀመጤን፣ ከእሳቸው ጋር የሄድኩት እኔ አለመሆኔን። ሻንጣዬን በሐሳቤ እያዘጋጀሁ ነበር የማወራው።

"ስንት ጊዜ ጠራሽ?" አለች።

"አንድ ጊዜ።"

"አባቴ ሰው ሁለት ጊዜ ጠርቶ አያውቅም። ልጆች ሳለን አንዴ ጠርቶን ካልመጣን ትቶን ይሄድ ነበር።" ሳህን አንስታ መልሳ አስቀመጠች። "እናትሽ አባቴን አታውቀውም።"

አላባረረችኝም። ያቺን ልጅ ግን ፈልጊያት አለችኝ፤ ልታመሰግናት። በየቤቱ የሚሠሩትን ጠየቅኩ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የማላውቃቸውን ሴቶች ሳይቀር እያፈርኩ ጠየቅኩ። አንድም "እኔ ነኝ" ያለች አልተገኘችም። አንዷ ብቻ፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ "ምን አድርጋ ነው የምትፈልጓት?" አለችኝ። ሽማግሌ አድና ነው ስላት፣ "ታዲያ ለምን ትፈልጓታላችሁ?" ብላ ሄደች።

ኡስታዛ ሌላ ነገር ወሰነች። አባቷ መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፤ በየቀኑ ፀሐዩ ሲበርድ ከእኔ ጋር። ከዚያ በኋላ ከአስር ሰዓት ጀምሮ አል-ጣኢፍን ስንዞር እናመሽ ጀመር። መሄድ ይችላሉ፤ ከእኔ ይፈጥናሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቆማሉ፤ ከጀርባ ባለው መንገድ፣ የአሸዋ ክምርና የተበላሸ መኪና መተላለፊያውን ለአንድ ሰው ያህል ያጠበቡት ቦታ ላይ። እዚያ ሲደርሱ እጄን ለቀቅ ያደርጋሉ። ወደ ጎን ፈቀቅ ይላሉ፣ እንደ ጨዋ ሰው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ሰው የሚያልፍበትን ያህል ይጠብቃሉ። ከዚያ እሳቸው ይገባሉ።

"ያላ፣ ያ ቢቲ" ይሉኛል ዞረው።

እኔም ሦስተኛ ሆኜ እከተላለሁ።