ከበሮ ያልተመታበት ሠርግ መብራት

በሰበታው ሱቃችን ባለቤቴ የሠራው አንድ ግድግዳ አለ። ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። የምንሸጠው ኤልኢዲ መብራት ከየዓይነቱ አንድ አንድ ተሰቅሎበታል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ማብሪያው አለ። ደንበኛ ሲመጣ ባለቤቴ ብዙ አያወራም ነበር። “ለየትኛው ክፍል ነው?” ይልና አንዱን ያበራል። እሱ ካረፈ በኋላ ሱቁን ብከፍትም ግድግዳውን አብርቼው አላውቅም። የሚፈልጉትን ይጠሩልኛል፣ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ በቃ።

ያን ሰሞን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው ተቃውሞ በርትቶ የጅማው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ፍተሻው በየቦታው ነው። ከሰፈራችን የታሰሩ ልጆች ነበሩ፤ አንድ ወጣትም ቀብረናል። ከዚያ ለቅሶ ቤት ጋር አጥር የሚጋሩት፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው ጎረቤቴ፣ ሴት ልጃቸውን አስከትለው ሱቅ ገቡ።

“አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ፤ እንዴት ነሽ ልጄ” አሉኝ። “ሠርጉ አዲስ አበባ አዳራሽ ነበር የታሰበው። በዚህ መንገድ ማን ያልፋል? ግቢዬ ውስጥ ዳስ ጥዬ ልድራት ነው።”

“እንኳን ደስ አለዎት፣ ኦቦ።”

“ከበሮ የለም፤ ስፒከርም የለም። ጎረቤቴ ልጁን ቀብሮ እኔ አላስጨፍርም። ግን ሠርጓ ለቅሶ እንዲመስልባት አልፈልግም። የቀረኝ መብራት ነው። በይ፣ ከሁሉ የሚበረታውን ስጪኝ።”

ልጅቷ ዓይኗ አብጦ መሬት መሬት ታያለች። ፓውዛውን አበራሁት። ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ቆመች።

“አባዬ፣ ሠርግ ነው ፍተሻ? እንግዳው መታወቂያውን ይዞ ይግባ?”

ኦቦ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የራሴ ሳቅ አስደነገጠኝ። ከዚያ እጄ በራሱ ወደ ሌሎቹ ማብሪያዎች ሄደ።

ረጅሙ ቱቦ ብርሃኑን እኩል ያዳርሳል፤ ለወጥ ቤት የሚስተካከለው የለም። የልጅቷን ፊት ግን እንቅልፍ ያጣች አስመሰለው። ጠፍጣፋውን አራት ማዕዘን ሳበራ “ይኼማ ቀበሌ ነው፤ ወረፋ ያዙልኝ” አለች። ኮርኒስ ውስጥ የሚቀበሩት ትንንሾቹ ያምራሉ፤ ሸራ ላይ ግን በምን ይያዛሉ? እንደ ጥብጣብ የሚጠቀለለው ለጌጥ እንጂ ለማየት አይሆንም። ቢጫውን አምፖል ሳበራ ፊቷ ሞቀ። ጉንጯ፣ የአንገት ሀብሏ፣ ሁሉም የራሱን ቀለም አገኘ።

“ይኼ ነው!” አልን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ። ግድግዳው በሙሉ በርቷል። ልቤ እንደ ልጅ ልብ ይዘላል።

የሠርጉ ዕለት በቡራዩ በኩል ያለው መንገድ ተዘግቶ እዚያ የሚኖረው መብራት ገጣሚያችን ቀረ። ሲገጥም ለባለቤቴ መሰላል ይዤ ዓመታት ስላየሁ ራሴ ልሞክር አልኩ። ጥቁሬን አላወለቅሁም፤ ጥቁር ለብሶ ሠርግ ቤት መታየት ደግሞ አይሆንም። እንግዳ ሳይመጣ ሰቅዬ ልወጣ ከኦቦ ጋር ተስማማን።

ዳሱ ውስጥ ገብቼ አምፖሎቹን በመደዳ ሰቀልኩና አበራሁ። ክው አልኩ። ሸራው ሰማያዊ ነው። ቢጫው ብርሃን ሸራው ላይ አርፎ ሲመለስ የሁላችንም ፊት ከል መሰለ።

“እትዬ፣ የታመምን መሰልን እኮ” አለች ሙሽራዋ።

ሌላ መብራት ከየት ይመጣል? መሰላሉ ላይ ቆሜ ሳስብ ግድግዳችን ትዝ አለኝ። ባለቤቴ በየዓመቱ ነጭ ሲቀባው “ደግሞ ቀለም?” እያልኩ እነጫነጭ ነበር። ለካ ነጩም የመብራቱ ግማሽ ኖሯል።

“አቡጀዲ!” ብዬ ጮህኩ። “ያላችሁን አቡጀዲና አንሶላ ሁሉ አምጡ!”

የሙሽራዋ እናት ሳጥን ገለበጡ፤ ጎረቤት ጨመረ። መብራቱን አጥፍተን ሸራውን ከሥር በነጭ ለበድነው። ያንን የተሳቀበትን ፓውዛ ከሱቅ አስመጣሁና ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ጨርቁ አዞርኩት፤ እንዲህ ሲሆን ዓይን አይወጋም፣ ብርሃኑ ከላይ ለስልሶ ይወርዳል። ጥብጣቡን በሙሽሮቹ ወንበር ዙሪያ አዞርኩት። የመጨረሻውን ገመድ ሳስር ግን ከውጭ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሙሽራው የጅማው መንገድ ሳይዘጋበት ብሎ ቀድሞ መጥቷል።

መውረጃ አጣሁ። ሚዜዎቹ ያለ ዘፈን፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እየተንሾካሾኩ ገቡ። በምሽቱ ድንግዝግዝ ልክ እንደ ለቅሶ ደራሽ ተደረደሩ። ሙሽራዋ ከመጋረጃው አጠገብ ቆማ አየቻቸውና መጋረጃውን ጨብጣ ያዘች። ኦቦ ወደ ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

“አብሪው፣ ኢንተላ ኮ።”

መሰላሉ አጠገብ ያንጠለጠልኩትን ማብሪያ ተጫንኩት። ዳሱ ከላይ እስከ ታች በሞቀ ብርሃን ተሞላ። ያቀረቀረው ሁሉ ቀና አለ፤ ሙሽራው ሙሽራዋን አየና አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷ ሳቀች።

“እልልልል!”

ከመሰላሉ ላይ ነበር የወጣው። ከእኔ አፍ። ደንግጬ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሁሉም ዞሮ ጥቁር የለበሰችውን ሴት አየ።

“አንዴ ነው” አሉ ኦቦ፣ እንባቸው እየወረደ። “ለአንዴማ ጎረቤቴም አይቀየመኝ።”

ሴቶቹ እልልታዬን ተቀበሉኝ።