ጣቴን የማያውቅ ስልክ

«አያ ታረቀኝ፣ ሦስት ጊዜ ደወልንልዎ። እንየውን ሞቶ እንኳ ይንቁታል?»

ዛሬ አዘና ለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት፣ የእንየው ሚስት ጠጄ እንዲህ አለችኝ። እንየው ሠላሳ ዓመት በወንፈል አብሮኝ ያረሰ ወዳጄ ነው። ትናንት ሲቀበር እኔ ቆሰበር ቤቴ ተቀምጬ ነበር።

ስልኩማ ጮኋል። ልጄ ለፋሲካ ባለ ቁልፉን አሮጌ ስልኬን ተቀብላ የሰጠችኝ፣ ፊቱ መስታወት ብቻ የሆነ ተች የሚሉት ነው። አረንጓዴውን ተጫንኩት፣ እንቢ አለ። እንደ ላም ጡት አሸሁት፣ እንቢ። ማን እንደደወለ እንዳላይ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ዛሬ ጠዋት ከዳንግላ ተመልሳ ለደወሉት ሰዎች ስትደውልላቸው ነው መርዶውን የሰማሁት።

ይህን የምትጽፍልኝም እሷው ናት። «አባዬ፣ አይጫኑትም፤ ወደ ጎን ይሳቡት እንጂ» ትለኛለች። ስቤዋለሁ! እርፍ ጨብጦ የደደረ ጣትን ስልኩ አይሰማውም። በዚህ አውራ ጣት ስንቱ ቢሮ አስፈርሞኛል፤ መስታወቱ ግን ሰው ነው አላለኝም።

(«ስልኬን ሰደቡት» ብላ አኩርፋለች። ጻፊው ብያለሁ።)

ስልክ የሚሠሩት ሰዎች የገበሬ እጅ ጨብጠው አያውቁም?

ለጠጄ «ጣቴ ደድሮ ነው» ብላት ለቀስተኛው ሳቀ፣ እሷ ፊቷን አዞረች። የፈጠርኩት መስሏታል።

እስቲ ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም እናቱ እንደኔ የቸገራቸው ካለ ጻፉልኝ። ልጄን ይዤ አዘና እወርዳለሁ፤ የጻፋችሁልኝን ለጠጄ አንድ በአንድ ታነብላታለች።